ሰላምታ ያሳገዳቸው ሾፌር

«ጋሽ ደስታ ታገዱ» የሚለው ወሬ እኛ ቤት የገባው እንደ መርዶ ነው። እማዬ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ነጠላዋን ከቁም ሳጥን አወጣችና ጥለቱን እንደ ለቅሶ ወደ ላይ ታዙረው ወይስ እንደ ጥየቃ ወደ ታች ትተወው ግራ ገብቷት መስታወት ፊት ቆመች።

«ሰው እኮ አልሞተም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ሲያዝበት ምን ተብሎ ነው የሚኬደው?»

እውነቷን ነው፤ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል የለንም። ለሞተበት «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ፣ ለታመመ «ይማርህ» አለ፣ ለወለደች «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» አለ። የጥፋት ነጥቡ ሞልቶ ለታገደ ሰው ግን አባቶቻችን ምንም አላስቀመጡልንም። እማዬ መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄዳ፣ ጋሽ ደስታ ቤት ስንደርስ «ነጥቡን በዕድሜ ይተካልዎት» አለች። ሁሉም ሰው «አሜን» አለ። የተሻለ ነገር ያመጣ ስላልነበረ ከእሷ በኋላ የመጡትም ያንኑ ሲሉ አመሹ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ ወሬውን ከሰው ሰው ዞሮ ነው የሰሙት፤ መንገድ ላይ ትንሽ አድጎ ነው የደረሳቸው። ከሩቁ እያለቀሱ መጥተው በሩን አንኳኩ። የከፈቱላቸው ራሳቸው ጋሽ ደስታ ናቸው።

«እትዬ ዘነበች፣ ምነው? ማን ሞተ?» አሉ ደንግጠው።

እትዬ ዘነበች ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «እርስዎ» ማለት ከበዳቸው መሰለኝ። «እንጃ፤ ስደርስ እሰማለሁ ብዬ ነው» አሉ።

ጋሽ ደስታ እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ስለ ጉልበታቸው ጠየቋቸው፣ ቀጥሎ ስለ ልጃቸው፣ ቀጥሎ ስለ ልጃቸው አማት። እትዬ ዘነበች ለምን እንዳለቀሱ ረስተው ስለ አማቲቱ ክፋት ማውራት ጀመሩ። የታገደ ሰው ሊያጽናኑ መጥተው፣ እሳቸው ተጽናንተው ሄዱ።

የማልረሳቸው ሰው እኚህ ናቸው። በሕይወት አሉ፣ ጤነኛ ናቸው፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ይኖራሉ። እኔ ነኝ ከመኪናቸው የወረድኩት። አሁን የምማረው ጦር ኃይሎች አካባቢ ስለሆነ በታክሲ ነው የምመላለሰው። ታክሲው ውስጥ ሾፌሩ ፊቴን አያይም፣ እኔም የእሱን ማጅራት ብቻ ነው የማውቀው። ጋሽ ደስታ የሚናፍቁኝም ያኔ ነው።

ጋሽ ደስታ የተማሪ ሰርቪስ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ከቀራንዮ ለቅመውን ቤቴል ያለው ትምህርት ቤታችን የሚያደርሱን በአንዲት ነጭ ሚኒባስ ነው። አጠር ያሉ ስለሆኑ መቀመጫቸው ላይ ትራስ ያደርጋሉ፤ ከውጭ ሲታዩ ኮፍያና መሪ ብቻ ናቸው። ከደቡብ ምዕራብ በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ነው ያደጉት። ቀኝ እጃቸው መኪናውን ይነዳል። ግራ እጃቸው ግን የመኪናው አልነበረም፣ የመንገዱ ነበር። ቤታቸው በር ላይ በመስኮት ይወጣል፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ይገባል። ፀሐይ ስለመታው ከቀኙ ይልቅ ይጠቁራል። እትዬ አስቴር፣ ባለቤታቸው፣ «ሁለት ሰው ነው ያገባሁት» ይሏቸዋል።

ሰላምታቸው ደረጃ ነበረው። ለወጣት ክላክስ ብቻ። ለእኩያቸው ክላክስና እጅ። ለእናቶች ፍጥነት ይቀንሳሉ። ለሽማግሌ ይቆማሉ። ታሞ ለተነሳ ሰው ደግሞ ቆመው ሞተር ያጠፋሉ። ሞተር ከጠፋ እኛ ዝም ብለን ደብተራችንን እናወጣለን። የስምንተኛ ክፍል ሒሳቤን ግማሹን የሠራሁት የሰፈራችን ሰው ሁሉ እንዴት እንዳደረ እየሰማሁ ነው።

ቸርች ውስጥም አስተናጋጅ ናቸው፤ በር ላይ ቆመው ሰው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሥራ ማን እንደመረጣቸው አላውቅም፣ ግን ጸጋቸውን አይቷል። ችግሩ መዝሙሩ ተጀምሮ እንኳ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። መጋቢው አንድ ቀን ከመድረክ ላይ ሆነው «ወንድም ደስታ፣ እባክህ ሕዝቡን ልቀቅልን» ብለዋል።

ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ጓደኛዬ ቤቲ ጠይቃቸው ነበር። ቤቲ ከኋላቸው ያለው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ያሰበችው ነገር አፏ ላይ አያድርም።

«ጋሽ ደስታ፣ ያላዩ መስለው ቢያልፉስ?»

«አይቶ ከማለፍ አለማየት ይሻላል» አሉ። «እኔ ደግሞ፣ ይመስገነው፣ ዓይኔ ደህና ነው።»

ዓይናቸው ደህና መሆኑ ነው ጣጣውን ያመጣው። አንድ ጠዋት ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ ክላክስ ሳይነኩ ሄዱ። ግራ እጃቸውም ቤት ገብቷል። መኪናው ውስጥ ጭር አለ።

«ክላክሱ ተበላሸ እንዴ?» አለች ቤቲ።

«አልተበላሸም። ነጥብ ነው የተጠራቀመብኝ።»

«የምን ነጥብ?»

«የጥፋት ነዋ። እኔ እስከ ዛሬ ትራፊክ ሲቀጣኝ ገንዘቡን ከፍዬ የተገላገልኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሁለት ነው። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ያልቃል። ነጥቡ ግን በስምሽ ተመዝግቦ ቁጭ ይላል። ለትንሽ ጥፋት ትንሽ ነጥብ፣ ለትልቅ ጥፋት ትልቅ ነጥብ፣ አንዱ አንዱ ላይ እየተደመረ።»

«እንደ ፈተና ማለት ነው?» አልኩ እኔ።

«የፈተና ግልባጭ ነው፣ ሶልያና። እናንተ ስትደምሩ ታልፋላችሁ፤ እኔ ስደምር እወድቃለሁ።»

«ሲሞላስ?»

«ሲሞላ መንጃ ፈቃድህን ለወራት አስቀምጥ ትባያለሽ።» ሁልጊዜ ሲጨነቁ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። «ስልጠና ትገቢያለሽ፣ እንደገና ትፈተኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከጨመርሽበት ጭራሽ ይሰረዝና እንደ አዲስ ለማጅ ትሆኛለሽ።»

«ታዲያ አይጠፋም?»

«ሌላ ጥፋት ሳልጨምር ጊዜው ካለፈ ይነሳልኛል» አሉና ፊት ለፊታቸው ያለውን መንገድ አዩ። አንድ የሚያውቁት ሰው አህያ እየነዳ ይመጣ ነበር። «እንግዲህ እስከዚያ ይሄ ሁሉ ሰው ከቤቱ ባይወጣ ነው» አሉ።

ሰው «ነጥብ ሞላበት» ሲባል በፍጥነት ሲበር፣ ሰክሮ ሲነዳ ይመስለዋል። ጋሽ ደስታ ግን ፍጥነት አያውቁም። አንዴ በሬ ቀድሞናል። ነጥባቸው በሙሉ ሰላምታ ነበር። አንደኛው መታጠፊያ ላይ ቆመው ስለ እትዬ ዘነበች ጉልበት ሲጠይቁ የመጣ ነው። ሌላው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ ከኋላቸው እየጮኸ እሳቸው የአንድ ሰው ልጅ የት እንደተቀጠረ እየሰሙ ነበር። ዜብራ ላይም ቆመው ያውቃሉ፣ እዚያ ላይ ተሻጋሪው ራሱ ነው ሰላም የተባለው።

ከባዱ ግን የስፖኪዮው ነው። አንድ የድሮ ጎረቤታቸውን ሳያዩ ካለፏቸው በኋላ በስፖኪዮ አዩዋቸው። ማርሹን ቀየሩና መኪና በሚተምበት መንገድ ላይ ወደ ኋላ መጡ። ትራፊኩ እየሮጠ ደረሰ።

«አባቴ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ሰው አልፌ» አሉ ጋሽ ደስታ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

«ገጭተው?»

«ኧረ እግዜር አይበለው። ሰላም ሳልለው አልፌ እንጂ።»

ትራፊኩ የቅጣት ደረሰኙን አወጣ። ከዚያ ጻፈላቸው። ሲጽፍ ስሙን ጠየቁት፣ ቀጥሎ አገሩን፣ ቀጥሎ እናቱ በሕይወት መኖራቸውን።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሊሞላ አንድ ጥፋት ብቻ ሲቀረው እትዬ አስቴር እኛ ቤት መጡ። እማዬ አጠገብ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ እየቀለዱ ጀምረው ሳይቀልዱ ጨረሱ።

«ሌላው ባል ውጪ ሴት አየ ይባላል፤ የእኔ ሰው አየ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን እንደገና ከቆመ ያግዱታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የታገደ ሾፌር ምን ያደርግለታል? ይቺ መኪና ስትቆም እኮ ቤታችን ነው የሚቆመው።»

እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። በማግስቱ ለቤቲ ነገርኳት፣ ቤቲ ለመኪናው ሁሉ ነገረች፣ እና ትምህርት ቤት ሳንደርስ መፍትሔው ተገኘ። ጋሽ ደስታ መንዳት ብቻ ነው፤ ሰላምታውን እኛ እንረከባለን። ቤቲ በግራ መስኮት፣ እኔ በቀኝ መስኮት፣ ትንሿ ሊዲያ ደግሞ የኋላው መስታወት ላይ፣ ያመለጠን ካለ ከኋላ እንድትለቅም።

ጋሽ ደስታ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ሰላምታ በውክልና?» አሉ። ቤቲ «ትራፊክ ውክልና ላይ ነጥብ የለውም» አለቻቸው። ጠበቃ ነው የምትሆነው፣ ተጽፎ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ የቀራንዮ ጠዋት እንደዚህ ነበር፦

«እትዬ ዘነበች፣ ጋሽ ደስታ ሰላም ብለዋል፣ ጉልበትዎትስ?»

«ጋሽ አበራ፣ ጋሽ ደስታ ሰላም ብለዋል፣ ልጁ ተሻለው ወይ ብለዋል?»

ጋሽ ደስታ ዓይናቸውን ከመንገድ ሳይነቅሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይነግሩናል፤ «ሰማያዊ ሹራብ፣ በስተቀኝ፣ እህቱን ጠይቂልኝ»፣ እኛ እንጮሃለን። መልስ ያላቸው ሰዎች ከመኪናው ጎን ይሮጣሉ። አንድ አባት እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ሮጠው «ልጄ ተመረቀ በሏቸው» ብለው ቆመው ተነፈሱ። ሊዲያ ገና አንደኛ ክፍል ስለሆነች የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ስለማትለይ የመንገዱን ሰው በሙሉ ሰላም ትላለች። ወደ ቤቴል ማውጫው ላይ ያለችውን ትራፊክ ሳይቀር።

«ትራፊኳ፣ ጋሽ ደስታ ሰላም ብለዋል።»

ጋሽ ደስታ ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ትራፊኳ ግን ሳቀች፣ በእጇ «እለፉ» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናልፍ እጇን ታነሳልን ነበር።

ነገሩ ሠራ። ሳምንታት አለፉ፣ አንድም ቦታ አልቆምንም፣ ትምህርት ቤት በሰዓቱ መድረስ ጀመርን፣ መምህራኖቻችን ደነገጡ። እትዬ አስቴርም እሁድ ቸርች ውስጥ ሲያዩን አንገታችንን እየሳቡ ይስሙን ጀመር።

የጋሽ መርጋ ጎማ ቤት ያለው እዚያው ማውጫው ላይ ነው፣ መንገዱ ጠቦ በሚታጠፍበት። እዚያ መቆም ክልክል እንደሆነ ሊዲያ እንኳን ታውቃለች። ጋሽ መርጋ የጋሽ ደስታን ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ ጎሚስታ ናቸው፤ ወሬ አይወዱም፣ ሰላምታ ሲቀርብላቸው አገጫቸውን ብቻ ነው የሚያነሱት። ባለቤታቸው ወደ ጅማ በኩል ቤተሰብ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ታማ ሞተች፣ እዚያው ተቀበረች። ጋሽ መርጋም እዚያው ቆዩ። ከሰፈራችን ማንም ለቅሶ አልደረሳቸውም፤ ሱቃቸው ተዘግቶ ነው የከረመው።

ያን ጠዋት ተከፍቶ አየነው። ጋሽ መርጋ ጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ጎማ ይዘዋል፣ ግን ለምን እንደያዙት የረሱ ይመስላሉ።

ሱቁ በቤቲ መስኮት በኩል ነው። መስኮቱን ከፈተች። «ጋሽ መርጋ፣ ጋሽ ደስታ ሰላ...» አለችና ዋጠችው። ቤቲ ቃል ስትውጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ለቅሶ በመስኮት አይደረስም» አሉ ጋሽ ደስታ፣ ለራሳቸው።

ፍሬቻ አሳዩ። ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ፣ ፍሬቻ አሳይተዋል። መኪናዋን ጥግ አስያዙ፣ ጥጉ ግን ጠባብ ስለሆነ የመንገዱን ግማሽ ይዘን ቀረን።

«ጋሽ ደስታ፣ ነጥቡ» አልኩ።

በስፖኪዮ አዩኝ። «አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁና ወረዱ።

 ያን ሁሉ ሰው ስለ ጉልበትና ስለ አማት የሚጠይቁት ጋሽ ደስታ፣ ጋሽ መርጋ አንገት ላይ ተጠምጥመው ዝም አሉ። ጎማው ወደቀና ትንሽ ተንከባሎ ተኛ። ጋሽ መርጋ ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም፣ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ።

ትራፊኳ ፊሽካዋን እየነፋች መጣች። ደርሳ ሁለቱን ሰዎች ስታይ ፊሽካውን ከአፏ አወጣች። ዞር ብላ በእኛ ጎን መኪናዎቹን በእጇ ታሳልፍ ጀመር። የሚሳደበውን ሁሉ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ተቃቅፈው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ መጥታ ጋሽ መርጋን «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባቴ» አለቻቸው። ወደ ጋሽ ደስታ ዞረች።

«መንጃ ፈቃድ።»

ሰጧት።

«እዚህ ጋ መቆም እንደማይቻል ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ፈቃዱን አየችው፣ ቀና ብላም እሳቸውን አየች። «በዚህኛው ይሞላብዎታል እኮ።»

«ይሞላል። ጻፊ።»

ሊዲያ አንገቷን በመስኮት አወጣች። «እኛ ላይ ይጻፍልን» አለች። «ለሁላችንም ትንሽ ትንሽ። ብዙ ነን።»

ትራፊኳ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «አይከፋፈልም፣ የኔ ቆንጆ» አለች። ጻፈች። ቀስ ብላ ነው የጻፈችው፣ ጽሕፈት እንደሚያስቸግረው ሰው።

ጋሽ ደስታ ወደ መኪናው ሲመለሱ ቤቲ በትራፊኳ ተናዳ ነበር። «ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለች።

«ተይ እንጂ። ልጅቷ ሥራዋን ነው የሠራችው» አሉ ጋሽ ደስታ ሞተር እያስነሱ። «እኔም ሥራዬን።»

ብዙም ሳይቆይ ታገዱ። እማዬ ነጠላዋን ይዛ መስታወት ፊት የቆመችው ያኔ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጨክኖ አልጨከነም። ጋሽ ደስታ እስኪመለሱ ድረስ መኪናቸውን ሳሚ የሚባል ወጣት እንዲነዳ ፈቀደ፤ ከተመለሱ በኋላ ግን ድጋሚ ከታገዱ ውሉ አበቃ ተባሉ። ሳሚ ጨዋ ልጅ ነው። ማንንም አያውቅም፣ ማንም አያውቀውም። ትምህርት ቤት በሩ ሳይከፈት እንደርስና ብርድ ላይ ቆመን ዘበኛው እስኪመጣ እንጠብቃለን። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን ከሩቅ ሲያይ እጁን ያነሳል፣ ስትቀርብ ሳሚን ያይና እጁን ፀጉሩ ላይ ይመልሰዋል።

ስልጠናው ላይ የሆነውን እትዬ አስቴር ነው የነገሩን። አሠልጣኙ ሁሉም ሰው ምን አጥፍቶ እንደመጣ እንዲናገር ጠየቀ። አንዱ «ፍጥነት» አለ፣ አንዱ «ስልክ እያወራሁ»፣ አንዱ «ቀይ መብራት»። ጋሽ ደስታ ተነስተው «ሰላምታ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከምሳ በኋላ አሠልጣኙ ትምህርቱን መጀመር አቃተው፤ ሠልጣኙ በሙሉ ከሥር መሠረቱ ተዋውቆ፣ ሁለቱ ዘመድ ሆነው ተገኝተው ነበር። ፈተናውን ግን ጥሩ አድርገው አለፉ። መንጃ ፈቃዳቸው ሲመለስላቸው እትዬ አስቴር «ሁለተኛ አልቆምም በል» አሏቸው። «እሞክራለሁ» አሉ። እትዬ አስቴር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

«መሞከሩ እሱ ጋ አይደለም» አሉን በማግስቱ ለእማዬና ለእኔ። «ሰዉ ጋ ነው።»

እሁድ ከቸርች በኋላ እትዬ አስቴር፣ እማዬና እኔ ሦስታችን ተነሳን። ጸጉር ቤቱን፣ ሱቁን፣ ፌርማታውን፣ የመድኃኔዓለም ደጅ የሚቀመጡትን እናቶች፣ ማንንም አላስቀረንም።

«ነገ ጠዋት ጋሽ ደስታ ሲያልፉ እንዳያዩዋቸው። ዓይን ለዓይን ከተጋጠሙ ይቆማሉ።»

«ታዲያ ፊቴን የት ላድርገው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ግድግዳ አለ አይደል እንዴ፣ እትዬ ዘነበች» አለች እማዬ።

ሰኞ ጋሽ ደስታ ሱፍ ለብሰው መጡ። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች። ግራ እጃቸው ገና ከበራቸው ሳይወጡ በመስኮት ወጥቶ ተዘጋጅቷል።

መጀመሪያ ያገኘናቸው እትዬ ዘነበችን ነው። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ግንባራቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው ቆመዋል። ቀጥሎ ጸጉር አስተካካዩ፤ ደንበኛውን ደጅ አስቀምጦ ይላጭ ነበርና ከነደንበኛው ዞረ። ፌርማታው ላይ የተሰለፉት ሰዎች እኛ ስንደርስ እንደ መዘምራን አንድ ላይ ጀርባቸውን ሰጡን። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ አበራ ደመና በሌለበት ጠዋት ጃንጥላ ዘርግተው ከኋላው ተደበቁ። ቀራንዮን በሙሉ በጀርባ አየነው። ለካ የሰፈራችን ሰው ጀርባው የተለያየ ነው።

እኛ ልንስቅ ጀምረን ነበር። ከዚያ የጋሽ ደስታን ግራ እጅ አየሁት። መጀመሪያ አየር ላይ ቆየ። ቀጥሎ የበሩ ጠርዝ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ገባ፣ መሪውን እንደ ቀኙ ያዘ። ማውጫው ላይ ጋሽ መርጋ ከተደረደሩት ጎማዎች ኋላ ጎንበስ ብለው ነበር፣ ቆባቸው ብቻ ይታያል። የጋሽ ደስታ እግር ከነዳጁ ላይ ተነሳ፣ ተመለሰ። አለፍን። ትራፊኳ እንኳ እጇን ስታነሳ መልስ አላገኘችም።

ትምህርት ቤት ስንደርስ መኪናዋን መስመሩ ውስጥ አቆሟት፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። እኛ አጨበጨብን። «አንድም ነጥብ የለም» አለች ቤቲ።

ጋሽ ደስታ ወደ እኔ ዞሩ። «ሁሉም ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እኛ ነን የነገርናቸው፣ ድጋሚ እንዳይታገዱብን ብለን።»

«እሱማ ገብቶኛል። የዘነበች ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።» ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ተባረኩ። ግን አስቢው እስቲ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ዛሬ ሰላም ሳይባል ሥራ ገባ።»

ወረዱ። በሩን ቆለፉ። ዘበኛው «ጋሽ ደስታ፣ መኪናው?» አላቸው። «ቦታው ላይ ነው፣ ምንም የለበትም» አሉትና በመጣንበት መንገድ ተመልሰው በእግራቸው ሄዱ።

ከሰዓት ስንወጣ መኪናዋ እንደቆመች ናት። ጋሽ ደስታ የሉም። ዘበኛው ደወለላቸው፣ አላነሱም፤ ሰው እያናገሩ ስልክ አያነሱም። ጠበቅን ጠበቅንና ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘን በእግራችን ተነሳን። በየደረስንበት እንጠይቃለን። «አሁን እዚህ ነበሩ» ይሉናል። ዳቦ ቤቱም እንደዚያ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ያለችው ልጅም እንደዚያ። ሁሉም ሲነግሩን ፊታቸው ላይ ፈገግታ ቀርቶባቸዋል።

ያገኘናቸው ጋሽ መርጋ ጎማ ቤት ነው። ሁለቱም ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጋሽ ደስታ ሱፍ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ጋሽ መርጋ ያወሩ ነበር። ወሬ የማይወዱት ጋሽ መርጋ ስለ ባለቤታቸው ያወሩ ነበር፣ እኛን ሲያዩም አላቆሙም፣ የጀመሩትን ጨረሱ።

«ቀራንዮ ደርሰው ተመለሱ እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ገና ነኝ፣ ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ነው የደረስኩት።»

ሊዲያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እኛንስ ማን ያምጣን ታዲያ?» አለች። «በእግራችን እኮ ነው የመጣነው።»

ጋሽ ደስታ እንደ መባነን አሉ። ከሊዲያ እስከ ቤቲ፣ ከቤቲ እስከ እኔ፣ ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ከተቀመጡበት ጎማ ላይ ተነስተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኑ እስቲ» አሉ። «ለካ እናንተንም ዛሬ ሰላም አላልኳችሁም።»

ከሊዲያ ጀመሩ።